ከ«ሀ» ወደ «ለ»

ሰኞ 4

አህያዋ ታገደች። ትእዛዙ ዛሬ ጠዋት ደረሰን፦ «መ-7 ሀ የተባሉ አውሮፕላኖች በሙሉ የጭራቸው ማጠፊያ ብረት እስኪለወጥ ድረስ ከመሬት አይነሱም።» ሁለተኛዋ ከወደቀች ገና ሳምንቷ ነው። በሁለቱም ስብርባሪ ውስጥ ያው ብረት ተሰንጥቆ ተገኝቷል።

ኮሎኔሉ ፊታቸውን አጥቁረው ነው ያነበቡልን። እኔ ደስታዬን የምደብቅበት አጥቼ በመስኮቱ ወደ ውጪ ሳይ ቆየሁ። ታናሽ ወንድሜ የዚያች አውሮፕላን አብራሪ ነው። ብረቱ እስኪመጣ ድረስ እግሩ ምድር ላይ ነው ማለት ነው። ይዘግይ። መምጫው ይጥፋው።

ሐሙስ 7

ወንድሜ ሥራ ፈትቶ ቤቱን ሊያፈርሰው ነው። ትናንት የኩሽናውን ቧንቧ «ላስተካክል» ብሎ ግቢው ጎርፍ ሆነ። ሚስቱ እየሳቀች በባልዲ ትቀዳለች። «እትዬ፣ ኧረ አንድ አውሮፕላን ፈልጊለትና ይሂድልን!» አለችኝ። አስተማሪ ናት፤ ሰው ስታናግር ክፍል ውስጥ እንዳለች ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ከጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ይኖራሉ፤ እኔና እማዬ በፊት ለፊቱ ቤት።

እማዬ ለጎረቤት «ልጄ ለብረት ስም ታወጣለች» ትላለች። ይስቁባታል። እውነቷን ግን ነው፤ አየር ኃይሉ ለሚገዛውም ለሚያድሰውም አውሮፕላን ሁሉ መለያ የምሰጠው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ፊደል ሥራዋን ይናገራል፤ «ተ» ተዋጊ፣ «መ» መጓጓዣ። ቁጥሩ ስንተኛዋ ዓይነት እንደሆነች ነው። የመጨረሻው ፊደል ደግሞ ሰውነቷ ላይ ምን እንደተለወጠ። ቀለም ብትቀባ፣ ወንበር ቢቀየርላት ፊደሏ አይነካም። ክንፍ፣ ሞተር ወይም ጭራ ሲለወጥ ብቻ ከ«ሀ» ወደ «ለ» ትሄዳለች። አብራሪ ገና መሰላሉን ሳይረግጥ ፊደሏን አይቶ ምን ላይ ሊቀመጥ እንደሆነ ያውቃል።

መጠሪያ ስሙ ሌላ ጣጣ ነው፤ ኮሚቴ አለው። ለመ-7 ኮሚቴው «ዋርካ» ብሎ ነበር። «ዋርካ ከበረረማ ጉድ ነው» ብለው አብራሪዎቹ በወሩ «አህያዋ» አሏት፤ ትጫናለች፣ ትሄዳለች፣ አታማርርም። ኮሚቴው ተቀየመ። ስሙ ግን ጸና።

ሰኞ 11

ድልድዩን ወንዙ ወሰደው። ድንበር ላይ ላለው ጦር ስንቅ የሚገባው፣ ቁስለኛ የሚወጣው በዚያ በአንድ መንገድ ነበር። ዝናቡ ደግሞ ገና መጀመሩ ነው።

ኮሪደር ላይ አንዱ መኮንን ለሌላው፦ «እዚያ ልጆቹ ቁስላቸው እየሸተተ ነው። እኛ እዚህ ዘጠኝ አውሮፕላን እንደ ቆጥ ዶሮ ደርድረናል።»

ሰላም ሳልላቸው አለፍኩ።

ቅዳሜ 16

ቅዳሜ ቢሆንም አስጠሩኝ። ኮሎኔሉ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፣ ኋላ እንዳልረሳው። ባሌ ሲሞት ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

«ብረቱ አይመጣም» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «ፋብሪካው ተዘግቷል። ሌላ የሚሠራልን ብናገኝ እንኳ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ጌታዬ?»

«ለዘጠኙም አዲስ ሬዲዮ ገብቶላቸዋል። ትእዛዙ ያገደው መ-7 ሀን ነው። መ-7 ለን አላገደም።»

መ-7 ለ የሚባል አውሮፕላን የለም ልላቸው አፌን ስከፍት ገባኝ።

«ሬዲዮ ፊደል አያስለውጥም። ደንቡን ያረቀቅነው እኔና እርስዎ ነን።»

«አውቃለሁ።»

«ፊደሉን ያየ ሁሉ ጭራው የተለወጠ ይመስለዋል።»

«ሻምበል፣ እኔ ፊደል ነው የጠየቅሁሽ፤ ደም አልጠየቅሁሽም። እዚያ ማዶ ያሉትም እናት አላቸው።»

ለምን ትእዛዙን ራሱን አያነሱትም አልኳቸው። የፈረመው ከእሳቸው በላይ ነው፤ ደግሞ ማንም ቢሆን አንስቶ ሦስተኛዋ ብትወድቅ ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም። እንዲህ ብለው ዓይናቸውን ሰበሩ። አስባለሁ ብዬ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ነው የመጣልኝ፦ ታዲያ የሚነሳው የማን ስም ነው?

ማክሰኞ 19

ፊደል ለመስጠት ከጥገና ክፍል «ተሻሽሏል» የሚል ማረጋገጫ ያስፈልገኛል። የጥገናው መሐንዲስ የኮርስ ጓደኛዬ ነው፤ ግትርነቱን አውቃለሁ። እንደማይፈርም ተማምኜ ካንቲን ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ከጀርባው ልደበቅ ነበር።

«ጠዋት ፈርሜ ላኩልሽ እኮ፤ አልደረሰሽም?» አለኝ እየጎረሰ።

«ምን ተሻሻለ ብለህ?»

«ተሻሽሏል ብዬ። ምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሬዲዮው አልተሻሻለም? ተሻሽሏል። እኔ አልዋሸሁም፤ ፊደሉን የምትሰጪው አንቺ ነሽ። እንደማትሰጪ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው የፈረምኩት።»

ሁለታችንም ሳህናችን ላይ አቀረቀርን። ለካ እሱ በእኔ፣ እኔ በእሱ ተማምነን ነበር።

ረቡዕ 27

ፈረምኩ።

ሐሙስ 28

እኔ ባልፈርም ሌላ ሰው ወንበሬ ላይ አስቀምጠው ያስፈርሙ ነበር። ይህ እውነት ነው። እውነት ከሆነ ለምን እንደማያሳርፈኝ አላውቅም።

ትናንት ልፈርም ስል ሁለት ጊዜ ተነሥቼ እጄን ታጠብኩ። ቀለም አልነካኝም ነበር።

ቅዳሜ 30

ኮሚቴው ለ«አዲሷ» መጠሪያ መረጠላት። አንዱ «ንስር» ቢል፣ «በዚያ ሆዷ?» ብለው ሳቁበት። «ርግብ» ላይ ተስማሙ። ድምፅ ሲሰጥ እኔም እጄን አወጣሁ።

ሰኞ 2፣ አዲስ ወር

ዛሬ እራት አራታችንም አብረን በላን። ወንድሜ ሲገባ ጀምሮ ያፏጫል። «ከአህያ ወደ ርግብ አደግሁ! መሬት ላይ መዋል አበቃ» አለ። እማዬ የሾሙት መሰላት፤ እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ቂጣውን እየቆራረሰች ሳትጎርስ ታስቀምጣለች። ከሰሞኑ እንቅልፍ አጥታለች፤ መብራታቸው ሲበራና ሲጠፋ በመስኮቴ አያለሁ።

«ያቺው አይደለችም እንዴ? ስም ቢለውጡላት ያቺው ናት» አለች።

እሱ ወደ እኔ ዞረ። «እሷን ጠይቂያት። ስሙን የምታወጣው እሷ ናት። እትዬ፣ «ሀ» «ለ» ሲሆን ብረቱ ተለውጧል ማለት ነው አይደል?»

ሁሉም አየኝ። እማዬ ሳትቀር።

«ደንቡ እንደዚያ ይላል» አልኩ።

አልዋሸሁም። ደንቡ እንደዚያ ነው የሚለው። የወንድሜ ሚስት ረጅም ትንፋሽ አውጥታ መብላት ጀመረች። እንዲያውም ደግማ አነሳች። እኔ ራሴን አመመኝ ብዬ ተነሣሁ።

ዓርብ 6

ጀመሩ። በረረ፤ ተመለሰ። ከቢሮዬ መስኮት ስትነሣ አየኋት። ቀለም ተቀብታ ታምራለች።

ማክሰኞ 10

ተመለሰ።

ሐሙስ 12

ዘጠኙም ያለ ችግር እየሠሩ ነው። እስካሁን ያወጧቸው ቁስለኞች ሆስፒታሉን ሞልተውታል። አውቶቡስ ውስጥ አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠው ለሹፌሩ ያወሩለታል፦ «ልጄን እግሩን ሊቆርጡት ነበር፤ አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ! ያቺ ርግብ ናት ያተረፈችልኝ። ስም ያወጣላትን እግዜር ይስጠው።»

ከመውረጃዬ አልፌ ወረድኩ። በዝናብ ተመልሼ መጣሁ። ምናልባት ኮሎኔሉ ልክ ናቸው። ምናልባት ሁለቱ የወደቁት ያረጁት ነበሩ። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት!

እሑድ 15

የወንድሜ ሚስት ፀጉሬን አጠበችልኝ። «እንቅልፌ ተመለሰ፤ አንቺ ነሽ የመለስሽልኝ» አለችኝ ጣቶቿ ራሴ ላይ እንዳሉ። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ አልኳት።

ማክሰኞ 24

መሐንዲሱ ቢሮዬ መጣ፤ መጥቶ አያውቅም ነበር። በሩን ዘጋው። በሁለቱ ላይ ስንጥቅ አግኝቷል።

«ሌሎቹስ?»

«በዓይን የሚታይ የለም። በዓይን የማይታየውን እኔ በምን ልየው?»

ለኮሎኔሉ ነግሯቸዋል። ሁለቱ ይቁሙ፣ ሰባቱ ይሥሩ ብለዋል። መሐንዲሱ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ውኃ ሰጠሁት።

ወንድሜ የሚበርባት ከሰባቱ አንዷ ናት።

ረቡዕ 25

ነገርኩት። ዛሬ ጠዋት ሜዳው ድረስ ሄጄ ነገርኩት።

ክንፏ ሥር ተጠልሎ ጭነት እስኪያልቅ ይጠብቅ ነበር። ሲያየኝ እማዬ የታመመች መስሎት ደነገጠ። እጁን ይዤ ወደ ጎን ሳብኩት።

«አትሂድ። ጭራው አልተለወጠም። የተለወጠው ሬዲዮ ነው። ፊደሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ አውቄ።»

ይጮኽብኛል፣ ይገፈትረኛል ብዬ ነበር። አየኝና፣ ልጅ ሳለ ስመታው እንደሚያደርገው፣ በከንፈሩ ዳር ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ ይህችን አህያ ስንት ዓመት ነዳኋት? ሬዲዮውን የገጠሙ ዕለት ባትሪ ይዤ ጭራዋ ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ። ያው ብረት ነው፤ ከነዝገቱ።»

«ታዲያ ያን ዕለት እራት ላይ ለምን ጠየቅኸኝ?»

«ለእኔ መሰለሽ እንዴ? ለእሷ ነው እንጂ። እኔ ብነግራት አታምነኝም። አንቺ ስትነግሪያት ግን ይኸው ተኛች።»

ሳጥን ነገር ላይ ተቀመጥኩ። ሌሎቹስ ያውቃሉ ወይ አልኩት።

«የማያውቅ ካለ ዕውር ነው። ግን እዚያ ስናርፍ አላየሽም። ቃሬዛ ላይ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ቀና ቀና ያደርጋሉ፤ እንዳትረሱን ነው። ማን ደፍሮ ከነገ ወዲያ አልመጣም ይላቸዋል?»

«አሞኛል በል። አንድ ሳምንት ብቻ።»

«እኔ ስታመም ማን ይሄዳል? አንዱ እኮ ይሄዳል። ያ አዲሱ፣ መሪውን እንደ ወተት ቅል አቅፎ የሚይዘው?» ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «አንቺ ባትፈርሚ ኖሮ ባልሄድኩ ነበር፤ ይህንን አልዋሽሽም። አሁን ግን መንገዱ ተከፍቷል፤ እነሱም ዓይናቸውን ሰማይ ላይ ተክለዋል። ተይው በቃ። ሂጂ፣ ትበሰብሻለሽ።»

ጭነት የሚቆጣጠረው ወታደር በፉጨት ጠራው። ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ስትነሣ አየኋት። ከሰዓት በኋላ ተመለሰች።

ቅዳሜ 28

አልተመለሰም።

ሰኞ 30

ኮሎኔሉ ራሳቸው ነበሩ የመጡት። በሩ ላይ ኮፍያቸውን ሲያወልቁ እማዬ ገባት። «የትኛው?» አለች፤ ሌላ ወንድ ልጅ እንዳላት። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ድንበር ደርሰው ቁስለኞቹን ጭነው ሲመለሱ ነው። ወንዙ ውስጥ ወደቀች። ከሁሉም የተረፈ የለም።

ከመውደቋ በፊት ጭራዋ አልታዘዝ አለኝ ብሎ ተናግሯል አሉ። እዚህ ድረስ ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ አሉ። ሬዲዮው በደንብ ይሠራል።

ዓርብ 4፣ ሦስተኛው ወር

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እማዬ አታለቅስም። የሚመጣውን ሁሉ «ዝናቡ አልመታችሁም?» ብላ ትጠይቃለች።

ሚስቱ እጄን ይዛ ነው የምትውለው። የእኔን እጅ። «የተለወጠች ነበረች እኮ» ትላለች ለሚመጣው ሁሉ። «እትዬ ነግራናለች። የአውሮፕላኗ ነገር አይደለም፤ የአየሩ ክፋት ነው።» እኔ ዝም። ሰው ሁሉ ሐዘን መስሎት ያዝንልኛል።

ረቡዕ 9

አጣሪ ቦርዱ ጠራኝ። ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ሰው፣ ጥግ ላይ ቃል የሚመዘግብ ጸሐፊ። ከመግባቴ በፊት መሐንዲሱን ደጅ አገኘሁት፤ ሰላም አላለኝም። ስወጣ ደግሞ አልነበረም።

ሰብሳቢው ጄኔራል በጨዋ ቋንቋ ጀመሩ። መ-7 ለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለቦርዱ አስረጂ አሉኝ።

«ማጠፊያ ብረቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ሬዲዮ ነው። ፊደሉን የሰጠሁት ከደንቡ ውጪ ነው፤ እገዳውን ለማለፍ።»

የጸሐፊው ብዕር ቆመ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እዚህ ላይ የተሻሻለ ነው ብለው ፈርመዋል። ያን ዕለት ነው እውነቱን የተናገሩት ወይስ ዛሬ?»

«ዛሬ ነው።»

«አብራሪው ወንድምዎ ነው?»

«ነው።»

«ሐዘንዎን እንረዳለን። እናመሰግናለን።»

ማን እንዳዘዘኝ ተናገርኩ። ኮሎኔሉ ቀድመው «ተሻሽሏል» ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ መሐንዲሱም። «የጭራውን ብረት አውጥታችሁ እዩት» አልኩ። «ወንዙ ሲጎድል ይታያል» አሉኝ። ጸሐፊው እስክወጣ ድረስ ብዕሩን አላነሣም። አንድ ወር ሙሉ ውሸቴን ያመነኝ ሁሉ እውነቱን ስናገር አላመነኝም። ማንንም አልከስ። በገዛ ፊርማዬ ነው የረቱኝ።

ዓርብ 18

ውጤቱ ወጣ። ከነቃሉ ልገልብጠው፦ «መ-7 ለ የተሻሻለ አውሮፕላን በመሆኑ የጭራ ጉድለት ለአደጋው ምክንያት ሊሆን አይችልም። አደጋው የደረሰው በአብራሪው ስሕተት ነው።»

በእኔ ፊደል ወንድሜን ነፍሰ ገዳይ አደረጉት።

ወንዙን ማንም አልጠበቀም። ዝናቡ ካባራ ቀናት አልፈዋል፤ ድልድዩም በዚህ ሳምንት ተከፈተ። የቀሩት ርግቦች ሜዳው ዳር ቆመዋል። አሁን ማንም አይፈልጋቸውም። እኔን ወደ መጋዘን አዛውረውኛል።

ቅዳሜ 19

አንዲት ሴት ወደ በራችን መጣች። ልጇ ከቁስለኞቹ አንዱ ነበር፤ ሊመለስልኝ ነው ብላ አልጋ አንጥፋ ስትጠብቅ ነበር። አልጮኸችም። የወንድሜን ሚስት «የአብራሪው ባለቤት አንቺ ነሽ?» አለቻት። አዎ ስትላት ለረጅም ጊዜ አየቻትና «ቁስሉ እኮ ድኖ ነበር» ብላ ሄደች።

የወንድሜ ሚስት በሩን ይዛ ቀረች። «የእሱ ስሕተት ነው አሉኝ፤ ትምህርት ቤትም ሰምተዋል። እውነት ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ከዚህ በላይ መሸከም አልችልም። ነገ እነግራታለሁ።

እሑድ 20

ነገርኳት። ጓሮ፣ ልብስ ስታሰጣ። የእሱን ሸሚዞች አጥባለች፤ ለምን እንዳጠበቻቸው አልጠየቅኳትም።

ሁሉንም ነገርኳት። ኮሎኔሉን፣ ሬዲዮውን፣ ፊርማዬን፣ እራት ላይ ያልኩትን። እርጥቡን ሸሚዝ እጇ ላይ እንዳለ አዳመጠችኝ። ውኃው እግሯ ላይ ይንጠባጠባል። የእሱ ስሕተት እንዳልነበረ ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች፤ ለዚያች ቅጽበት ፊቷ በራ። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና ጠየቀችኝ።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

አሰብኩ። ያውቅ ነበር ካልኳት ጥፋቴ ይቀልልኛል። ግን ያ እራት፣ ያ ፉጨቱ፣ ያ «እሷን ጠይቂያት» ማለቱ ሁሉ ይበላሽባታል። እሱም አታሎኛል ትላለች። አውቆ ጥሎኝ ሄደ ትላለች። ከእሱ የቀራት ማመኑ ብቻ ነው።

«አያውቅም ነበር» አልኳት። «እኔን አምኖ ነው የሄደው።»

ሸሚዙን በጥንቃቄ አሰጣችው። እጅጌዎቹን ዘረጋጋች። ሳታየኝ ገባች።

ረቡዕ 23

ጠዋት ወንድሟ በመኪና መጥቶ ዕቃዋን ጫነላት። ተሸክሜ ላግዝ ብዬ አንዱን ሻንጣ ስይዝ ከእጄ ተቀበለችኝ፤ በቀስታ ነው፣ ጣቴን ሳትነካ።

እማዬ ምንም አታውቅም። ምርኩዟን ይዛ መኪናው ድረስ ወጣች።

«መቼ ትመለሻለሽ ልጄ?» አለቻት።

የወንድሜ ሚስት አንገቷን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት። «ዝናቡ ሲያባራ እማማ» አለቻት።

እማዬ «እሺ፤ ይሻላል» አለች፤ መኪናው ኩርባውን እስኪታጠፍም በተሰነጣጠቀው ደረቅ አፈር ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘች።